ልቡ ለቆመው ሰው ያጨበጨብን ዕለት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በሠራሁበት ኮሌጅ አዳራሽ ውስጥ ጋቢ አልብሰውኝ ሦስት ሰዎች ንግግር አደረጉ። ሦስቱም «ዝምተኛውና ትዕግሥተኛው ነርሳችን» አሉኝ። ከኋላ የተቀመጡት የወጥ ቤት ሴቶች ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። «እጅሽን ቀጥ አድርጊ! ክርንሽን አትጠፊ!» እያልኩ ስጮህባቸው የኖርኩ ሰው መሆኔን ያውቃሉ። ዝምተኛ መባሌ አናደደኝ። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ በመጨረሻ የማያውቁት ሰዎች ሲያመሰግኑት ከመቀበል ሌላ ምን ምርጫ አለው? እኔ ግን ጡረተኛ ነኝ፤ ጊዜ አለኝ። የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው።

የተወለድኩት ፃግብጂ ነው። አፌን የፈታሁት በኽምጥኛ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ፣ በአርጩሜ ታግዤ ነው። ጤና ረዳትነት ተምሬ የመጀመሪያ ምድቤ ዝቋላ ሆነ። ከዚያ አበርገሌ ወረድኩ፤ ከወባና እባብ ከነደፈው ሰው ጋር ስታገል ስምንት ዓመት አለፈ። የአበርገሌው አለቃዬ ሪፖርት ወዳድ ነበር፤ በወረቀት ላይ ያልታመመ ሰው ለእሱ ጤነኛ ነው። ደመወዙን ባናነሳው ይሻላል። ቀጥሎ ነርስነት ተማርኩና ሰቆጣ መጣሁ፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት በዚሁ ኮሌጅ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ክሊኒክ ስል አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋና እኔ ማለቴ ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ ግን ዝቋላ የነበሩት ጋሼ ደሱ ናቸው። ቁስል አጥቦ በማሸግ የጀመሩ የድሮ ድሬሰር ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ጥፍራቸው ሁልጊዜ የተከረከመ። ጋሼ ደሱ ቆመው በሽተኛ አያዩም። መሬት ላይ የወደቀ ከሆነ ይንበረከካሉ፤ አልጋ ላይ ከሆነ በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ። «ከላይ ሆኖ የሚያይህ ዳኛ ነው፤ ሐኪም ከጎን ነው» ይሉኝ ነበር። ራሱን የሳተ ሰው ሲመጣ ሁለት ጣታቸውን አንገቱ ላይ አሳርፈው ጮክ ብለው እስከ አሥር ይቆጥራሉ። ቤተሰቡ ቢጮህ፣ ቢያለቅስ፣ ቢሳደብ አሥሯ ሳትሞላ ቀና አይሉም። አንድ ጊዜ አንድ የወረዳ ሹም «ፈጠን በል እንጂ ሽማግሌ» ቢላቸው እንደገና ከአንድ ጀመሩ።

ማተብም አይቆርጡም። ቁስል ለማጠብ ወይም ደረት ለማዳመጥ ማተቡ ከተጋረጠ ወደ ትከሻ ገፋ ያደርጉታል። «ማተቡን የቆረጥክበት ሰው ቢድንም አያምንህም» ይላሉ። በየማለዳው ደግሞ፣ ማንም ያልነካው ቢሆን እንኳ፣ የድንገተኛ ቦርሳቸውን ከፍተው ዕቃውን አንድ በአንድ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው፣ ነካክተው፣ መልሰው ይከቱታል። ወጣት ስለነበርኩ እስቅባቸው ነበር። «ዕቃ ሰው ፊት አይፈተንም» ብለው ዝም አሰኙኝ። እሳቸው ካለፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ እኔ ግን እስከ ጡረታዬ ዋዜማ ድረስ ቦርሳዬን በየማለዳው ስዘረጋ ኖሬአለሁ።

ከጦርነቱ በኋላ ለኮሌጁ የእርዳታ ዕቃ ሲመጣ በአንዱ ሣጥን ውስጥ ዲፊብሪሌተር ተገኘ። ልቡ በድንገት ሥርዓቷን ለሳተችበት ሰው በኤሌክትሪክ ምት መልሶ የሚያስነሣ መሣሪያ ነው። ክዳኑን ስትከፍተው በሴት ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ ምን ማድረግ እንዳለብህ ይነግርሃል። ንብረት ክፍል ሊቆልፍበት ፈለገ። እኔ ደግሞ ልቡ የቆመ ሰው የንብረት ክፍል ኃላፊ ከምሳ እስኪመለስ አይጠብቅም ብዬ ተጨቃጨቅኩ። ረትቼ ክሊኒኩ በር ላይ፣ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። በየማለዳው አረንጓዴ መብራቱን አየዋለሁ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ያ ኩራት ነው ያዋረደኝ።

አቶ ካሴ የግቢው አትክልተኛ ነበር። አንድ ጠዋት አጥር ሥር ውሃ ሲያጠጣ ወደቀ። ከክሊኒኩ በር ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ስደርስ በጀርባው ተኝቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ይልና አንድ ከባድ አየር ይስባል። እንደገና ዝም ይላል፤ እንደገና ይስባል። መጀመሪያ «ይተነፍሳል፤ አየር እንዲያገኝ ዞር በሉ» አልኩ። ቀጥሎ ትንፋሹ እየራቀ ሲሄድ፣ ከተሰበሰቡት ሽማግሌዎች አንዱ ባርኔጣውን አወለቀና «ጣር ነው። አትንኩት፤ በሰላም ይሂድ» አለ።

የእኛን አገር ሰው ለማያውቅ ይህን ማስረዳት አለብኝ። ጣር የያዘውን ሰው መነካካት ነውር ነው። ነፍሱ መንገድ ጀምራለች፤ ከመንገዷ አታደናቅፋትም። ቄስ ይጠራል፤ ይጸለያል፤ ዝም ይባላል። እኔም ከዚያው አፈር የበቀልኩ ነኝና እጄን አጣምሬ ቆምኩ። የጋሼ ደሱ ተማሪ፣ ሁለት ጣቴን አንገቱ ላይ ሳላሳርፍ ቆምኩ። ኋላ ተንበርክኬ አንገቱን ብዳብስ ምንም የለም። ሮጬ መሣሪያውን አመጣሁ። ደረቱ ላይ ለጥፌ ጠበቅኩ። መሣሪያዋ በዚያች በተረጋጋች ድምፅዋ ምት እንደማያስፈልገው ነገረችኝ። ልቡ በምት የሚመለስበት ጊዜ አልፏል ማለቷ ነው።

ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ሚስቱ እጄን ይዛ «ደግ አደረግህ፤ ሳታሠቃየው አሰናበትከው» ብላ አመሰገነችኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ምስጋና ግን ያቆሰለኝ የለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለሥልጠና ተልኬ አሠልጣኙ አንድ ቪዲዮ አሳየን። ልቡ የቆመ ሰው ነው፤ አፉን ከፍቶ፣ ዝም ብሎ፣ አንዴ ከባድ አየር ይስባል። «ይህ መተንፈስ አይደለም» አለ አሠልጣኙ። «አንጎሉ ገና አልሞተም ማለት ነው። ያላችሁ ጊዜ ይህ ነው።» አቶ ካሴን አየሁት። ተነሥቼ ወጣሁና ደጅ ቆሜ አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ተመልሼ ገባሁና ከሁሉም በላይ ጥያቄ ያበዛሁ እኔ ሆንኩ።

ሰቆጣ እንደተመለስኩ ሰው ማሠልጠን ጀመርኩ። መምህራኑን ጠራሁ፤ ሁለቱ መጡ። ስለዚህ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። የወጥ ቤት ሴቶች ከማለዳ እስከ ማታ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ክንዳቸውም ያን ሁሉ ሊጥ ሲያቦካ የኖረ ነው። ጆንያ ውስጥ ገለባ ጠቅጥቄ ደረት ሠራሁላቸው። ችግሩ ፍጥነቱ ነበር። ደረት የሚጫነው በደቂቃ ከመቶ በላይ ነው፤ ቁጠሩ ስላቸው ወይ ይንቀረፈፋሉ፣ ወይ ይሮጣሉ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ፀዳለ፣ ምላሷ እንደ ቢላዋዋ የተሳለ ሴት ነች፣ ጥቂት አይታን «ጋሽ ሞላ፣ ይቺ እኮ የሰርግ ጭብጨባ ነች» አለችኝና አጨበጨበች። ሰዓቴን አውጥቼ ቆጠርኩ። ልክ ነበረች። ከዚያ ወዲያ አንዷ ስትጫን ሦስቱ ያጨበጭባሉ። መምህራኑ በመስኮት እያዩ «ወጥ ቤቱ ሆስፒታል ሆነ፤ ሽሮውን ማን ሊሠራ ነው?» እያሉ ያሾፉብን ነበር።

የመሣሪያዋን እንግሊዝኛ በካርቶን ላይ በአማርኛ ጻፍኩላቸው፤ ማንበብ የማይችሉት ድምፁን በጆሯቸው ያዙት። ፀዳለ ስም አወጣችላት፤ «ፈረንጇ»። ፈረንጇ ስትናገር ሁሉም እጁን ወደ ላይ ያነሣል፤ ማንም በሽተኛውን አይነካም። አንዲቷ እጇን ያዘገየች ቀን ፀዳለ በማማሰያ ነው ያስተማረቻት።

የጡረታዬ ዓመት የምረቃ ቀን ደረሰ። ድንኳን ተተክሎ፣ ወላጅ ከየወረዳው መጥቶ፣ ድምፅ ማጉያው ስም እየጠራ ነው። ከዝቋላ ሁለት ቀን ተጉዘው የመጡ አቶ ክንፈ የሚባሉ አባት ነበሩ። ልጃቸው ማኅሌት ያን ዕለት ትመረቃለች። ወንድማቸው ቄስ ግርማይም አብረው መጥተዋል፤ ልጅቷን ሊባርኩበት በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘዋል። አቶ ክንፈ ከድንኳኑ ወጥተው ጥላ ሥር ሊቀመጡ ሲሉ በአፍጢማቸው ተደፉ።

እኔ ክሊኒኩ በር ላይ ነበርኩ። ጩኸት ሰማሁ፤ ከጩኸቱ በላይ ግን የፀዳለን ድምፅ ሰማሁ። «ጋሽ ሞላ! ፈረንጇን ያምጧት!» ሕዝቡ የውጭ እንግዳ የምትፈልግ መስሎት ዞሮ ተመለከተ። መሣሪያውን ከግድግዳው ነቅዬ ሮጥኩ። ጉልበቴ አላማረረም፤ ያማረረኝ በማግስቱ ነው።

ስደርስ አቶ ክንፈን በጀርባቸው አስተኝተዋቸዋል። ቄስ ግርማይ ጠበሉን ፊታቸውና ደረታቸው ላይ አፍስሰዋል። አቶ ክንፈ አፋቸውን ከፍተው ዝም አሉ፣ አሉ፣ አሉና አንድ ከባድ አየር ሳቡ። ያ ድምፅ ነው። ፀዳለ ደረታቸው አጠገብ ተንበርክካ እጇን ልትጭን ስትል ቄሱ ክንዷን ያዟት።

«ተዪው ልጄ። ጣር ላይ ነው። ወንድሜ ነው፤ በሰላም ይለየን።»

«አባ፣ ይፍቱኝ» አለች ፀዳለ። «ኃጢአት ከሆነ በኔ ይሁን።» ክንዷን አስለቅቃ መጫን ጀመረች። ሦስቱ ባልደረቦቿ፣ በሽሮና በበርበሬ የተበከለ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ ዙሪያውን ቆመው ያንን የሰርግ ጭብጨባ ያዙ።

አሁን ሳስበው ለማያውቅ ሰው ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ይገባኛል። ሰው እየሞተ ነው፤ ሴቶች ያጨበጭባሉ። «አብደዋል እንዴ!» አለ አንድ ሰው። ቄስ ግርማይ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «እናንት ሴቶች፣ የወንድሜን ነፍስ አታዋርዱ! ካላቆማችሁ አወግዛችኋለሁ» አሉ። ጭብጨባው ተቋረጠ። ውግዘት ቀልድ አይደለም። ፀዳለ ብቻ ቀና ሳትል መጫኗን ቀጠለች፤ ግን ያለ ጭብጨባ እጇ መዘግየት ጀመረ።

ተንበረከክኩ። ሁለት ጣቴን የአቶ ክንፈ አንገት ላይ አሳረፍኩና ፀዳለን አስቁሜ ጮክ ብዬ እስከ አሥር ቆጠርኩ። ምንም የለም። «ቀጥዪ» አልኳት። ከዚያ፣ እዚያው በጉልበቴ ሆኜ፣ ቄሱን ቀና ብዬ አየኋቸው።

«አባ፣ ያስተውሉኝ። እኔ ከአሁን በፊት አንድ ሰው ጣር ላይ ነው ብዬ እጄን አጣምሬ ቆሜ ሞቶብኛል። ሊድን የሚችል ሰው ነበር። የወንድምዎ ልብ ቆማለች፤ ነፍሳቸው ግን አልወጣችም። ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ። ካልሆነ እኔን ያውግዙኝ፤ ሴቶቹ ያስተማርኳቸውን ነው የሚያደርጉት።»

ማኅሌት የምረቃ ልብሷን እንደለበሰች አባቷ እግር ሥር ነበረች። «አጎቴ» አለች፤ «ተዉአቸው። ይሞክሩልኝ።» የቄሱ ክንድ ወረደ። ጭብጨባው እንደገና ተነሣ።

ክዳኑን ከፈትኩ። ፈረንጇ መናገር ጀመረች። ግን የአቶ ክንፈ ደረት በጠበል ርሷል። እርጥብ ደረት ላይ የመሣሪያው ልጣፍ አይይዝም፤ መድረቅ አለበት። ጨርቅ አንሥቼ ቀረሁ። ጠበልን በጨርቅ ጠርጎ የሚጥል ማን ነው? ያውም ቄስ ፊት? ቄስ ግርማይ እጄ መቆሙን አዩ። «ምን ሆንክ?» አሉኝ። «ደረታቸው መድረቅ አለበት» አልኩ። ጎንበስ አሉና የራሳቸውን ነጠላ ከትከሻቸው አውርደው የወንድማቸውን ደረት አደረቁ። በአንድ እጃቸው እያደረቁ በሌላው ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

ማተባቸው ላይ የብር መስቀል አለ። ወደ ትከሻ ገፋ አደረግኩት። አንዱን ልጣፍ ከቀኝ አንገት አጥንት በታች፣ ሁለተኛውን ከግራ ብብት ሥር ለጠፍኩ። ፈረንጇ ማንም እንዳይነካ አዘዘች።

«እጅ ወደ ላይ!» ብላ ጮኸች ፀዳለ።

ሴቶቹ ብቻ አይደሉም፤ የተሰበሰበው ሕዝብ በሙሉ እጁን አነሣ። ጥበቃዎቹ፣ መምህራኑ፣ ከክብር ወንበራቸው ተነሥተው የመጡት እንግዶች፣ ቄሱም መስቀላቸውን እንደያዙ። ብልጭ ድርግም የምትለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ሰውነታቸው ዘለለ። አንድ ሰው እየጮኸ ሸሸ። ፀዳለ ደክማ ነበርና ሌላዋ ተካቻት፤ ጭብጨባው ሳይቋረጥ ሁለት ደቂቃ ተጫነች። በድምፅ ማጉያው የሚያነበው ሰው ምን እንደተፈጠረ ስላላወቀ ስም መጥራቱን አላቋረጠም። ፈረንጇ ሁለተኛ ምት አዘዘች። እጅ ወደ ላይ። ተጫንኩ።

እንደገና መጫን ከጀመሩ ጥቂት ቆይቶ አቶ ክንፈ እጃቸውን አንቀሳቀሱ። ቀስ ብለው አነሡትና ደረታቸው ላይ ያለውን እጅ ገፉት። ከዚያ በኽምጥኛ፣ በተኮሳተረ የሽማግሌ ድምፅ፣ «ልቀቂኝ» አሉ።

ጣቴን አንገታቸው ላይ አሳረፍኩ። ሦስት ላይ ስደርስ ትርታውን አገኘሁት፤ እስከ አሥር ግን ቆጠርኩ። አሥር ብዬ ቀና ስል ጭብጨባው ቆሞ ሁሉም አፌን ያያል። «አለ» አልኩ። እልልታው ከወጥ ቤት ሴቶች ተነሥቶ ድንኳኑን ያዘ። እኔ ሳቅሁ፤ አለቀስኩም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ እንደሚቻል ያን ዕለት አወቅሁ። ደስታ የሚሉት ይህ ከሆነ ከዚያ በፊት ደስ ብሎኝ አያውቅም። የፀዳለ ሽርጥ የጠበል ውሃና አፈር ሆኖ፣ መሬት ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ፣ «ወጡ አረረ» ስትል ሰማኋት።

አምቡላንስ መጥቶ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ትልቅ ሕክምና ተላኩ። በመጫኑ ሁለት የጎድን አጥንታቸው ተሰንጥቋል። ከሳምንታት በኋላ ግን በእግራቸው ዝቋላ ገቡ። መምህራኑም የወጥ ቤቱን ሥልጠና በራሳቸው ጊዜ መጥተው ጀመሩ፤ አሠልጣኟ ፀዳለ ስለሆነች ማሾፍ አቁመዋል።

ጡረታ በወጣሁ በወሩ ቄስ ግርማይ ከዝቋላ ሰው ላኩብኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ አስተምርልን የሚል ነው። ፀዳለን ይዤ፣ ገለባ የተጠቀጠቀውን ጆንያ በበቅሎ ጭኜ ሄድኩ። ቄሱ ከዛፉ ሥር ቆመው ለሕዝቡ ተናገሩ። ሰው ሁሉ ሲሰማ «ወንድሜን ሊያድኑ የመጡትን ሰዎች ላወግዝ ነበር» አሉ። «ማወቅ አለባችሁ። በድንገት ወድቆ፣ እንዲያ ሲስብ ያያችሁትን ሰው ጣር ነው ብላችሁ አትተዉት። አንሡት። መወሰን የእግዚአብሔር ነው፤ መሞከር የእኛ ነው።» እኔ አርባ ዓመት ብሰብክ ያን ያህል የሚሰማኝ አላገኝም ነበር።

መጫኑን በጆንያው አሳየን። እጅ የሚያርፍበትን ትክክለኛ ቦታ ለማሳየት ግን እውነተኛ ደረት ያስፈልጋል፤ ሳይጫኑ፣ ቦታውን በመዳፍ ለመንካት ብቻ። «የሚተኛልን ሰው እንፈልጋለን» አልኩ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ መቃብሮቹ አጠገብ፣ በቁም እንደ ሬሳ መጋደምን ማን ይደፍራል? አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው አማተቡ። ወጣቶቹ እርስ በርስ ተገፋፉ፤ ማንም አልወጣም። ማኅሌት ነጠላዋን ልታነጥፍ ስትነሣ አባቷ ትከሻዋን ያዝ አድርገው አስቀመጧት።

አቶ ክንፈ በትራቸውን ለወንድማቸው ሰጡና ወደ መሐል መጡ። ሣሩ ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ፤ የደረታቸውን ቁልፍ ፈቱ።

«ኑ» አሉ። «እኔ ልተኛላችሁ። መተኛቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ እኔ መነሣቱንም አውቀዋለሁ።»

ወረፋው እስከ ደጀ ሰላሙ ደረሰ።